ሃያ ፊደል

ክፍሉ ውስጥ ንጉሥ ተቀምጧል። ወታደሮች ቆመዋል። መሬቱ ላይ ሦስት ሣጥኖች አሉ። በሩ ተቆልፏል። ከዚያ ክፍል ለመውጣት እኔና እህቴ አራት ቀን ፈጀብን።

ክረምት ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ዝናቡም ከቤት አያስወጣም። አጎቴ ከጅዳ ሲመጣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ጌም ይዞልን መጣ። አብረውት አምስት ቢጫ ካሴቶች ነበሩ። አራቱን ወዲያው ለመድናቸው። ታንኩ ይተኩሳል፣ ሰውዬው ይዘላል፣ ኳሷ ትነጥራለች። ማንበብ አይጠይቁም። አምስተኛው ግን ሌላ ነበር። ላዩ ላይ ዘንዶ ተስሏል። ሲከፈት ጽሑፍ፣ ቁልፍ ሲነካ ጽሑፍ፣ ሰው ሲያናግሩ ጽሑፍ። ያውም እንግሊዝኛ እንኳ አይደለም።

አንዷን ቁልፍ ስንጫን ስምንት ቃላት ይደረደራሉ። አንዱን ስንመርጥ ደግሞ ሌላ አራት ይመጣሉ። ሁሉንም በየተራ ሞከርን። ብዙ ጊዜ የሚመጣልን መልስ ያው አንድ መስመር ነበር። በአራተኛው ቀን እህቴ ሣጥኑ ላይ ቆማ እስከዚያ ችላ ያልነውን ቃል መረጠች። ሣጥኑ ጠፋ። ሦስቱንም እንደዚያው አደረገች። ከዚያ በሩ ፊት ቆመን ስምንቱን ቃላት እንደገና አንድ በአንድ ሄድንባቸው። በሩ ተከፈተ። ጮኽን። እናቴ የሆነ ነገር የደረሰብን መስሏት ከኩሽና ሮጣ መጣች።

ከበሩ ማዶ ደረጃ ነበር። ደረጃው ላይ ወጥተን ቆምን። ምንም የለም። ለደረጃውም ለብቻው ቃል ያስፈልገው ነበር።

ሌላም ነገር በሳምንቱ ደረስንበት። ንጉሡን ተመልሰን ስናናግረው ሃያ ፊደል ይሰጠናል። በማግስቱ እነዚያን ሃያ ፊደላት መልሰን ስናስገባ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ካሴቱ ውስጥ ማስታወሻ የለም። ማስታወሻው የኔ የሒሳብ ደብተር ነበር። ፊደሎቹን የምንገለብጠው አንብበን አይደለም። እንደ ሥዕል ነው የምንሥላቸው። አንዷ ጭረት ከተጣመመች የሳምንት ልፋት ገደል ይገባል። በተለይ ሦስት ፊደላት ነበሩ፣ ግራ ጎናቸው አንድ ዓይነት፣ የሚለያዩት ጅራታቸው ላይ ብቻ። አንዱ ጅራቱን ያዞራል፣ አንዱ ወደ ውስጥ ይሰበስባል፣ አንዱ ወደ ውጭ ይወረውራል። ዛሬ ስማቸውን አውቃለሁ። «ኔ»፣ «ዋ» እና «ሬ» ናቸው። ያኔ ግን ጠላቶቻችን ነበሩ። መብራት እንዳይቀድመን እየተጣደፍን ስንገለብጥ ስንት ጊዜ አሳስተውናል!

ካሴቱ ድራጎን ኩዌስት እንደሚባል ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልጻፍና፣ ጃፓን ውስጥ ፋሚኮም ለተባለው የኒንቴንዶ ኩባንያ ኮንሶል (ጌም ማጫወቻ) የወጣው በ1986 ነው። የፈጠረው ዩጂ ሆሪ ነው። ካርታው፣ ጭራቆቹ፣ ሙዚቃው፣ የሰዎቹ ወሬ፣ ሁሉም 64 ኪሎባይት ውስጥ ነው ያለው። በቴሌግራም የምንላላከው አንድ ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይበልጣል።

ቦታው ስለጠበበ ሠሪዎቹ ፊደል ቆጠሩ። ጃፓንኛ ሁለት የድምፅ ፊደላት አሉት። ሂራጋና ለቤተኛው ቃል፣ ካታካና በአብዛኛው ለባዕድ ቃል። መሠረታዊዎቹ በየዓይነታቸው 46 ናቸው። ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ ለማስገባት ቦታ አልነበረም። ስለዚህ ከካታካናው ሃያ ብቻ መረጡ። የጭራቁን፣ የድግምቱን፣ የከተማውን ስም ሁሉ ከነዚያ ሃያ ፊደላት ቀመሙት። ሱራይሙ የተባለችው ትንሽዬ ጭራቅ፣ ቁስል የሚፈውሰው ሆይሚ፣ የጥንቱ ጀግና ሮቶ፣ ሁሉም ከዚያች ጠባብ ገበታ ተቀድተው ነው ዛሬ ጃፓናዊ ሁሉ የሚያውቃቸው። ይህን ያነበብኩ ቀን ካሴቱን ከመሳቢያ አውጥቼ ለረጅም ጊዜ በእጄ ይዤው ተቀመጥኩ። እኛ ፊደል ሳናውቅ የታገልንበት ነገር፣ እነሱም ፊደል አንሷቸው የታገሉበት ነበር።

ድራጎን ኩዌስት እንኳ ዕድለኛ ነው። በ1989 በእንግሊዝኛ አሜሪካ ገብቷል። ከጃፓን ሳይወጡ የቀሩት ግን ብዙ ናቸው። ጽሑፍ የበዛበት ጌም ማስተርጎም ወጪ አለው። የእንግሊዝኛው ቃል ሲረዝም ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል፣ ካሴት ላይ ደግሞ ቦታ ማለት ገንዘብ ነው። አንዳንዴም ትርጉሙ ሊታሰብ ሲል ኮንሶሉ ራሱ አርጅቶ ገበያው ወደ አዲሱ ይዞራል። ፋሚኮምን ለተካው ለሱፐር ፋሚኮም የተሠራው ፋይናል ፋንታሲ 5 በ1992 ወጥቶ ለአሜሪካ ተጫዋች በይፋ የደረሰው በ1999 ነው፣ ያውም በሌላ ኮንሶል። ከዚያ በፊት አርፒጂኢ የተባለ የአፍቃሪዎች ቡድን ሙሉውን በእንግሊዝኛ አዳርሶት ነበር። የከፈላቸው የለም። በኢንተርኔት ተገናኝተው፣ ከትምህርትና ከሥራ የተረፈች ሰዓታቸውን ሰጥተው ነው።

ሌሎቹም እንዲሁ ጠበቁ። ሌሎቹ ስል በጣም የምወዳቸውን ነው። ላይቭ ኤ ላይቭ በ1994 ወጣ፣ በይፋ ከጃፓን የወጣው በ2022። ሃያ ስምንት ዓመት! በ1994 አሥር ዓመቱ የነበረ ልጅ በ2022 የልጅ አባት ሆኗል። አፍቃሪዎቹ ግን በ2001 ተርጉመውት ነበር። በመሃል ላይ ያለውን ሃያ አንድ ዓመት የሸፈኑት እነሱ ናቸው።

ሰው «ጌም ተረጎመ» ሲባል መጽሐፍ እንደመተርጎም ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ጌሙ ውስጥ «ካ» የሚል ፊደል የለም። ቁጥር ነው ያለው። የትኛው ቁጥር የትኛውን ፊደል እንደሚያወጣ የሚነግርህ ሰው የለም። እየቀያየርክ፣ እስክሪኑን እያየህ፣ ገበታውን ራስህ ትሠራለህ። እኔና እህቴ በስምንቱ ቃላት ላይ ያደረግነው ማለት ነው። ጽሑፉ ተጨምቆ ከተቀመጠ ደግሞ ጭመቃውን የሚፈታውን ኮድ መጀመሪያ ማግኘት አለብህ። ከዚያ አድራሻው አለ። ጌሙ እያንዳንዱ ንግግር ከየት እንደሚጀምር መዝግቦ ይዟል። አንዱ ዓረፍተ ነገር ሲረዝም ከሱ ኋላ ያሉት ሁሉ ቤት ይለቃሉ። አድራሻቸው ካልታረመ ንጉሡን ስታናግር የባለሱቁ ወሬ ይወጣል፣ ያውም ከመሃሉ። ቀጥሎ የፊደሉ ስፋት ይመጣል። የጃፓን ፊደል እኩል እኩል ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። የእንግሊዝኛው ቀጭንና ወፍራም ስላለው ጌሙ ፊደል የሚሥልበትን ኮድ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል። ትርጉም የሚባለው ሥራ የሚጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሲያልቅ የሚታደለው ጌሙ አይደለም። ፓች ነው። ፓች ማለት ልዩነቱ ብቻ ነው፤ «እዚህ ቦታ ላይ ያለውን ቁጥር በዚህ ለውጠው» የሚል ረጅም የትእዛዝ ዝርዝር። ለብቻው ምንም አያደርግም። ጌሙ ያለው ሰው ነው የሚጠቀምበት። ይሄን ነገር እወደዋለሁ። የሰውን ሥራ ሳይወስዱ የራስን ልፋት ብቻ መስጠት ነው።

ስለ ማዘር 3 ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

የጻፈው ሺጌሳቶ ኢቶይ ነው። ኢቶይ ጃፓን ውስጥ በማስታወቂያ ጽሑፎቹ የታወቀ ሰው ነው፤ አጭር ቃል እንዴት ልብ እንደሚነካ ያውቃል። ጌሙ መጀመሪያ ለኒንቴንዶ 64 ታስቦ ለዓመታት ተሠርቶ በ2000 ተሰረዘ። ከዚያ እንደገና ተነሥቶ በ2006 ለጌም ቦይ አድቫንስ ወጣ፤ ጃፓን ብቻ። ታሪኩ መንታ ልጆች ስላሉበት ቤተሰብ ነው። እናት ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ትሞታለች። አባት ዜናውን የሚሰማበት ትዕይንት አለ። እኔ ያንን ሳነብ ጌም እየተጫወትኩ መሆኑን ረስቼ ነበር።

በውጭ ያሉ አፍቃሪዎች ፊርማ አሰባሰቡ፣ ደብዳቤ ጻፉ፣ ለመኑ። እሺ የሚል ሲጠፋ ራሳቸው ተነሡ። ቡድኑን የመራው ክላይድ ማንደሊን ነው፣ ቶሜቶ በሚል ስም ይታወቃል። ሙያው ትርጉም ነው፤ ማለትም ቀን የሚከፈልበትን ሥራ ማታ በነጻ ይሠራ ነበር። ፓቹ በጥቅምት 2008 ወጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ100,000 ጊዜ በላይ ወረደ። ማንደሊን ኒንቴንዶ በይፋ ሊያወጣው ከፈለገ ትርጉሙን በነጻ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። አልሆነም። በ2024 ኒንቴንዶ ማዘር 3ን ስዊች ለተባለው ኮንሶሉ ደንበኞች ሲያቀርብ እንኳ ለጃፓን ብቻ ነበር። ይህን እስክጽፍ ድረስ ጌሙን በእንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ሁሉ የሚያነበው የነዚያን ሰዎች ቃል ነው።

ከዚህ በላይ የሚደንቀኝ የኒር ታሪክ ነው። ኒር የሱፐር ፋሚኮምን አሠራር ኮምፒውተር ላይ በጥንቃቄ የሚያስመስል ፕሮግራም፣ ኢሙሌተር የሚባለውን፣ የሠሩ ሰው ናቸው። ባሃሙት ላጉን የሚባለውን የ1996 ጌም መተርጎም የጀመሩት ገና በወጣትነታቸው ነው። አልረኩበትም። ደጋግመው ተመለሱበት። የመጨረሻው ሥራ በ2021 ወጣ፣ ከ23 ዓመት በኋላ። ቃሉን እንደ አዲስ የተረጎመላቸው ያው የማዘር 3ቱ ማንደሊን ነው። ኒር በዚያው ዓመት አረፉ። አንድን ጌም፣ አንድን ብቻ፣ እንደሚገባው አድርጎ ለሰው ለማድረስ 23 ዓመት። እኔ ይህን ሥራ ከጥንት ቁም ጸሐፊ ሥራ ለይቼ ማየት አልቻልኩም።

ማቆየትና መተርጎም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የሚሉ አሉ። አንዱ ዕቃውን ማዳን ነው፣ ሌላው ለሰው ማስነበብ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ በሳተላቪው ልንገራችሁ።

በ1995 ኒንቴንዶ ሱፐር ፋሚኮም ላይ የሚገጠም ሳተላቪው የተባለ የሳተላይት መቀበያ ጃፓን ውስጥ አወጣ። ጌሙ በሰዓቱ ከሰማይ ይወርዳል፣ ትንሽ የማስታወሻ ካሴት ላይ ይቀመጣል። ሌላ ጌም ሲመጣ የፊቱ ይጠፋል። ለአንዳንዶቹ ጌሞች ደግሞ ተዋንያን በድምፅ ይተርኩ ነበር። ድምፁ እንደ ሬዲዮ በአየር ላይ ያልፋል እንጂ ካሴቱ ላይ አይቀመጥም። አገልግሎቱ በ2000 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የቀረው በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ሰብሳቢዎች የድሮ ካሴቶቹን እየገዙ በውስጣቸው ሳይደመሰስ የቀረውን ይገለብጣሉ። ምን እንደያዘ ሳይታወቅ ነው የሚገዛው። የድምፁ ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ያሳዝናል። ያኔ አንድ ሰው ቴሌቪዥኑን በቪዲዮ ካሴት ቀድቶ ካልሆነ የለም።

ከዚያ ውስጥ ከተረፉት አንዱ ራዲካል ድሪመርስ ነው። ክሮኖ ትሪገር የተባለው ጌም ተከታይ ነው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጽሑፍ ነው። በ1996 ተሠራጨ። አሁን አስቡት። ጽሑፍ ብቻ የሆነ ጌም፣ ባይቶቹ ሙሉ በሙሉ ተገኝተው፣ ግን ጃፓንኛ ለማያነብ ሰው ምንድን ነው? እኛ ከንጉሡ ክፍል ያልወጣን ልጆች ምን ነበርን? በ2003 አፍቃሪዎች ተረጎሙት። ሰዎች አነበቡት፣ ተወያዩበት፣ ወደዱት። በይፋ በእንግሊዝኛ የወጣው በ2022 ነው። ሰው ያላነበበው ነገር ሲጠፋም ማንም አይሰማውም። ያነበበው ግን ይፈልገዋል፣ ይጠይቃል፣ ይጮኻል። ስለዚህ ነው ትርጉም ከማቆየት አይለይም የምለው።

ጃፓን ውስጥም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። ፋሚኮም በ1986 የዲስክ ማጫወቻ ነበረው። ልጆች ያንን ዲስክ ሱቅ ወስደው በ500 የን ሌላ ጌም ያስጽፉበት ነበር፤ የፊቱ ይደመሰሳል ማለት ነው። ዲስኩም ማግኔት ነው፤ ያረጃል፣ ይሻግታል። ቶኪዮ ውስጥ በ2011 የተመሠረተ አንድ ማኅበር አለ፣ የጌም ጥበቃ ማኅበር ይባላል። አባሎቹ በተለይ የ1980ዎቹን የጃፓን ኮምፒውተር ጌሞች ከነዲስካቸው፣ ከነወረቀታቸው ያቆያሉ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ያወጣው ጥናት አለ። እዚያ አገር ከወጡት የጥንት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ ላይ እንደማይገኙ አሳይቷል። ይሄ በእንግሊዝኛ የወጡት ናቸው እንግዲህ። በነሐሴ 2024 ደግሞ የፓች ሁሉ መሰብሰቢያ የነበረው ሮምሃኪንግ ዶት ኔት አዲስ ሥራ መቀበል አቁሞ ክምችቱን ለኢንተርኔት አርካይቭ አስረከበ። ዜናውን ያነበብኩ ምሽት ተኝቼ ማደር አልቻልኩም። የማውቀው ቤተ መጻሕፍት በሩን እንደዘጋ ነው የተሰማኝ። ፓቾቹ መቀመጣቸው መልካም ነው። ግን ሕያው ደጃፍ ሌላ ነው።

እኛ አገር ይህ ነገር እንግዳ መሆን የለበትም። መጽሐፈ ሄኖክ በሙሉው ለዓለም የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ግዕዙ ራሱ ትርጉም ነው። ቀድሞ የተጻፈበት ቋንቋ ቁርጥራጩ ሲገኝ፣ ሙሉው አካል ግን የተገኘው በእኛ ብራና ላይ ነው። የተረጎመው ሰው ስሙ አይታወቅም። የብዙዎቹ ገልባጮችም እንደዚያው።

ባለፈው ዓመት አንድ ነገር ለመሞከር ተነሣሁ። ያቺን የንጉሡን ክፍል፣ እሷን ብቻ፣ አማርኛ ማድረግ። ጃፓንኛ ማንበብ የጀመርኩት በቅርብ ነው፣ ግን የልጆች ጌም ስለሆነ ካንጂ የሚባለው ከቻይና የመጣው የቃል ፊደል የለበትም፤ ሁሉም በድምፅ ፊደል ነው የተጻፈው። መዝገበ ቃላት ይዤ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው ደስታ የመጣው ከስምንቱ ቃላት ነው። ያኔ ግድግዳ የሆኑብን እነዚያ ስምንት ቃላት። ተናገር፣ ጥንካሬ፣ ደረጃ፣ በር፣ መርምር፣ ድግምት፣ ዕቃ፣ ውሰድ። በጃፓንኛው ረጅሙ ቃል አራት ፊደል ነው። በአማርኛውም ረጅሙ አራት ፊደል ነው። አንዱም ከሣጥኑ አልወጣም! እንግሊዝኛ ተርጓሚዎች ለአንድ ቃል ቦታ ለማግኘት ሳምንት ሲታገሉ አንብቤ ነበር። የእኛ ፊደል ግን እንደ ጃፓኑ ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ቤት ያስቀምጣል። የጀግናው ስም ቦታ አራት ፊደል ነው። አበበ ይገባል። ከበደ ይገባል። ጫልቱም ትገባለች። ገብረማርያም ግን ገብሬ መባል አለበት።

ከዚያ ችግሩ መጣ። ፋሚኮም ለዳራው በአንድ ጊዜ የሚይዘው 256 ትንንሽ ሥዕሎችን ነው፣ እያንዳንዱ ስምንት በስምንት ፒክስል። ፊደል እዚያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ግን ግድግዳውም፣ በሩም፣ ሣጥኑም፣ ቁጥሩም እዚያው ነው። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። ለዓለሙ ሁሉ የሚቀረው 25 ሥዕል ነው። አይሆንም።

ሞክሼዎቹን አወጣሁ። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ። አምስት በሰባት 35 ነው፣ 196 ቀረ። እውነት ለመናገር እጄ ተንቀጠቀጠ። ንጉሥን በእሳቱ ሰ መጻፍ ደስ አይልም። ግን የጃፓኖቹን ሃያ ፊደላት አስታወስኩ።

ቀጥሎ የሆነውን እስካሁን ሳስበው ደስ ይለኛል። በፋሚኮም ዘመን «ካ»ን «ጋ»፣ «ታ»ን «ዳ» የሚያደርጉት ሁለቱ ትንንሽ ጭረቶች ብዙ ጌሞች ውስጥ ለብቻቸው ተሥለው፣ ከፊደሉ በላይ ባለው ባዶ መስመር ላይ ይቀመጡ ነበር። ቦታ ለመቆጠብ ነው። ይህን እያየሁ በድንገት የራሳችንን ገበታ አየሁት። ሰ ላይ ሲጨመርበት ሸ። ተ ላይ ቸ። ነ ላይ ኘ። ከ ላይ ኸ። ዘ ላይ ዠ። ደ ላይ ጀ። ጠ ላይ ጨ። ግዕዝ ለአማርኛ ድምፅ ሲያንስ አባቶቻችን ያደረጉት ይሄንኑ ነበር፤ በነበረው ፊደል ላይ ምልክት መጨመር። ያንን ምልክት ለብቻው ሥዬ ላይኛው መስመር ላይ አስቀመጥኩት። ጨ ላይ ትንሽ አስቸገረኝ፣ ሌሎቹ ግን ተነበቡ። ሰባት በሰባት 49 ፊደል ዳነ። 147 ቀረኝ። ለዚያ ክፍል ንግግር የሚያስፈልጉትን ብቻ ስመርጥ ደግሞ ስልሳ አልሞሉም።

በቋንቋውም አንዳንድ ነገር ቀለለኝ። ጽሑፉ በአንድ ጊዜ አይወጣም፤ ፊደል በፊደል ድምፅ እያሰማ ይጻፋል። ጃፓንኛ ግሡን መጨረሻ ያስቀምጣል። እኛም እንደዚያው። ንጉሡ «የብርሃኑን ኳስ ከዘንዶው ንጉሥ እጅ...» ብሎ ሲጀምር ምን እንደተደረገ የሚታወቀው የመጨረሻው ቃል ሲመጣ ነው። ልብ ይንጠለጠላል። እንግሊዝኛው ይሄን አስቀድሞ ይናገረዋል። በአማርኛ ግን ሳልነካው አለፈ።

ያልቻልኩትም አለ። በጃፓንኛ ሽማግሌው ንጉሥ «እኔ» የሚልበት ቃል የሽማግሌ ቃል ነው። ልጅ በሌላ ነው የሚለው፣ ጎረምሳ በሌላ። እኛ አንድ «እኔ» ነው ያለን። ያንን በሌላ ቃል ማካካስ ነበረብኝ፣ በ«ልጄ ሆይ» እና በመሳሰለው። ሌላው ደግሞ ጾታ ነው። ጃፓንኛው ሳይጠራ ማለፍ ይችላል። አማርኛ አንተ ወይስ አንቺ ብሎ ግድ ይልሃል። ንጉሡ ለእህቴ ምን ብሎ እንደሚናገር ብዙ አሰብኩ። በሩን የከፈተችው እሷ ናት። በመጨረሻ «አንቺ» ብዬ ጻፍኩት።

ደብተሩ የተገኘው ዘንድሮ ለፋሲካ እናቴ ጋ ስንሄድ ነው። የሒሳብ ደብተሬ፣ ከጀርባው የማባዛት ሠንጠረዥ ያለበት። ከመጨረሻዎቹ ገጾች አንዱ ላይ ሃያ ፊደላት። ከሥራቸው በእህቴ እጅ ጽሑፍ «ይሄኛው ነው ትክክለኛው» ይላል።

ቤት ተመልሼ ያልተነካውን የጃፓንኛውን ጌም ከፈትኩ። ሃያውን አስገባሁ። አልተቀበለኝም። ደብተሩን መብራት አጠገብ አቀረብኩት። ሁለት ቦታ ላይ ያቺ የድሮ ጣጣ ነበረች፣ «ኔ» ትሁን «ሬ» ትሁን «ዋ» ትሁን የማትለይ። ሁለት ቦታ፣ ሦስት ሦስት ምርጫ፣ ዘጠኝ ሙከራ። በሰባተኛው ሙዚቃው ተቀየረ።

ክፍሉ ውስጥ ንጉሥ ተቀምጧል። ወታደሮች ቆመዋል። ጽሑፉ ፊደል በፊደል መውጣት ጀመረ።

ለእህቴ ደወልኩላት። ዱባይ ናት፣ እዚያ መሽቷል።

«ገባሁ» አልኳት። «በደብተሩ።»

ዝም አለች። ከዚያ «ምን ይላል?» አለችኝ። «ንጉሡ ምን ነበር የሚለው?»

«በሰላም ተመለስሽ ይላል። በጣም ደስ ብሎኛል ይላል። ለሚቀጥለው ደረጃ 41 ነጥብ ይቀርሻል ይላል።»

«41 ብቻ?»

«41 ብቻ።»

«ቆይ እንዳትነካው» አለችኝ። «ልጆቹን ላስተኛና እመጣለሁ።»